ከወይራው ሥር የሚቆፍረው

ተረት ተረት፤ የመሠረት።

ፍልፈል ከወይራ ዛፍ ሥር ጉድጓዱን ያሰፋ ጀመር። ዛፉ ላይ ጎጆ የሠራችው ወፍ እንቁላሎቿ ሲንከባለሉ ብታይ ደንግጣ ሥርዓት ወደማያዛንፈው የመንደሩ ሹም፣ ወደ ኤሊ በረረች።

«ጌታዬ፣ ዛፉ ሳይወድቅ ፍልፈልን ያስቁሙልኝ።»

«አቤቱታሽ ተመዝግቧል፤ ወረፋሽን ጠብቂ።»

ዛፉ በየቀኑ እየዘመመ፣ እሷም እንቅልፍ አጥታ ጠበቀች። በአሥራ አንደኛው ቀን ኤሊ ቀይ ቀለሙን ይዞ መጣ። ፍልፈል ኮቴውን ሲሰማ የጉድጓዱን አፍ በአፈር ደፈነ። ኤሊ መሬቱን ቢያይ ደህና ነው፤ ቀና ቢል የተንጋደደ ጎጆ አየ።

«ይህ ቤት ለመንገደኛ ያሰጋል፤ በሦስት ቀን ይፍረስ» ብሎ ግንዱን ቀይ ቀባ።

ወፏ እንቁላሎቿን አቅፋ ቁጭ ብላለች። ከታች ፍልፈል እንደገና ሲቆፍር ይሰማታል።

ተረቴን መልሱ፤ ቤቴን አታፍርሱ።