ሹፌር የሚያስባርረው ፍሪሲዮን

ሹፌር የማይበረክትላቸው አንድ ሹም ነበሩ። የመኪናቸው የፍሪሲዮን ፔዳል ሲረገጥ እታች ወርዶ እዚያው ይቀራል፤ ማርሽ አልገባም ይላል፤ እሳቸው ደግሞ «እግርህ ከባድ ነው፣ ሰበርከው!» ብለው ሹፌሩን ያባርራሉ። እንዲህ እያሉ በአንድ ዓመት ሦስት ሹፌር ሸኙ።

አራተኛው ባንታየሁ የሚባል የአምስት ልጆች አባት ነበር። በእሱም እጅ ፔዳሉ ሲሰምጥ ሹሙ መኪናውን አስጎትተው፣ ባንታየሁን አስከትለው ጋራዥ ሄዱና ለመካኒኳ ወረቀት ዘረጉላት።

«በሹፌሩ ጥፋት ተበላሸ ብለሽ ፈርሚ። ከእሱ በፊት ሦስት አባርሬያለሁ፤ ይሄንንም ዛሬውኑ አሰናብተዋለሁ።»

መካኒኳ ጎንበስ ብላ ከፔዳሉ በላይ ዳሰሰች። ጣቷ ዘይት ነክቶት ወጣ።

«ጌታዬ፣ ዘይቱን አፍኖ የሚይዘው ላስቲክ አልቋል። ይሄ እግር ያመጣው አይደለም።»

«ሴትዮ፣ ስለ ላስቲክ ማን ጠየቀሽ? ጥፋተኛውን ጻፊ ነው ያልኩሽ!»

ባንታየሁ መሬት መሬት ያያል። መካኒኳ እጇን በጨርቅ ጠረገች።

«እንግዲያው የሙያችንን ልንገርዎ። አንድ ዕቃ ቀይረን ብልሽቱ ካልለቀቀ፣ ጥፋቱ ካልተቀየረው ዕቃ ነው እንላለን። እዚህ መኪና ላይ ሹፌር ሦስት ጊዜ ተቀይሯል፤ ብልሽቱ ግን እንዳለ ነው። እስከ ዛሬ ያልተቀየሩት ሁለት ናቸው፤ ላስቲኩና እርስዎ። ከየትኛው ልጀምር?»

ሹሙ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱ።

«ከላስቲኩ» አሉ።