የደሳለው ጄት ጀልባና የትርንጎ ቅቤ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» አትበሉኝ፤ እዚህ ላም የለችም። ያለችው ጀልባ ናት፣ እሷንም ያያት ሁሉ ይቀናባታል።

በጣና ዳር ደሳለው የሚባል ጀልበኛ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት የእንጨት ጀልባ ሲቀዝፍ ኖሮ ጄት ጀልባ ገዛ። ጄት ጀልባ ማለት ከሆዷ ሥር ውሃ እየጠጣች፣ በኋላዋ እየተፋች የምትበር ናት። ነጭ ናት፤ ወንበሮቿም ነጭ ናቸው። ሰውዬው አበደላት። የሚሳፈር ሁሉ ጫማውን ያወልቃል። ከከተማ የመጣውን መካኒክ እንኳ «እጅህን ታጥበሃል?» ብሎ ጠይቆት፣ መልሱ ስላልጣመው ወደመጣበት ሸኘው። እኔው ራሴ እሠራታለሁ አለ። ሚስቱ ትርንጎማ አንድ ቀን ተቀምጣባት አታውቅም። ለምን ቢሉ፣ ትርንጎ ፀጉሯን ቅቤ ትቀባለች፣ ቅቤው ወንበሩን ያበላሻል። ጉድ እኮ ነው!

ነገ የትርንጎ ታናሽ እህት ከባሕሩ መሃል ባለችው ደሴት ላይ ትዳራለች። ሙሽራውንና ሚዜዎቹን የሚያደርስ ደሳለው ነው፣ በጄት ጀልባው። ትርንጎ ግን ሌሊት ተነስታ ከባሕር ዳር ደንገል በተጎነጎነ ታንኳ፣ ከጠላው ጋን ጋር እንድትሄድ ነግሯታል። ትርንጎ ሰማችና ጠላዋን ማጥለሏን ቀጠለች።

ታዲያ በዚያው ቀን ሞተሩ የሠራበት ጊዜ ሃምሳ ሰዓት ሞላ። ከጀልባዋ ጋር የመጣው መጽሐፍ «ሃምሳ ሰዓት ሲሞላ ዘይቱም ፊልትሮውም ይቀየር፣ አለዚያ ሞተሩ ይቃጠላል» ይላል። ፊልትሮ የዘይቱን እድፍ የሚይዝ ጣሳ መሳይ ነገር ነው። ደሳለው እጅጌውን ሰበሰበ፣ አሮጌውን ዘይት በቱቦ መጥጦ አወጣ። ከዚያ ፊልትሮውን በእጁ ያዘና ና ውጣ አለው።

ፊልትሮው አልወጣም አለ። ሃምሳ ሰዓት እድፉን የዋጥኩት እኔ፣ አሁን ያ ካርቶን ውስጥ የተኛው አዲስ ፊልትሮ ቤቴን ሊወርስ ነው? ብሎ ቀናና ተጣበቀ።

ደሳለው መፍቻውን አነሳ። መፍቻ ሆይ፣ ፊልትሮውን አዙርልኝ አለው። መፍቻው አላዞርም አለ። እሷን በአዲስ ፎጣ ስትወለውል ትውላለህ፣ እኔ ጆንያ ውስጥ ዝጌ ስቀር ማን አየኝ? አለና እየተንሸራተተ አስቸገረ።

ደሳለው ደጅ ወደሚነደው እሳት ሄደ። እሳት ሆይ፣ መፍቻውን በነበልባልህ አግልልኝ፤ መፍቻው ፊልትሮውን አላዞርም አለ፣ ፊልትሮው ከቤቴ አልወጣም አለ። እሳቱ አላግልም አለ። ድሮ ማታ ማታ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ትሞቀኝ ነበር፣ ዛሬ የምትሞቀው የእሷን ሞተር ነው አለና በጭስ ዓይኑን አስለቀሰው።

ደሳለው ወደ ባሕሩ ወረደ። ባሕር ሆይ፣ እሳቱን አጥፋልኝ፤ እሳቱ መፍቻውን አላግልም አለ፣ መፍቻው ፊልትሮውን አላዞርም አለ፣ ፊልትሮው ከቤቴ አልወጣም አለ። ባሕሩ አላጠፋም አለ። በመቅዘፊያው ጊዜ በየማለዳው ፊትህን ትታጠብብኝ ነበር። አሁን እሷ ትጠጣኛለች፣ እሷ ትተፋኛለች፣ አንተ እጅህን እንኳ አትነክርብኝም አለና ሸሸት አለ።

ደሳለው የቤታቸውን አህያ ፈለጋት። አህያዋ ከትርንጎ ጠላ የተረፈውን አተላ እየላፈች ነበር። አህያ ሆይ፣ ባሕሩን ጠጪልኝ አላት። አዎ፣ ጣናን በሙሉ! የተቸገረ ሰው ምን አይልም። ምክንያቱንም ዘረዘረላት፤ ባሕሩ እሳቱን አላጠፋም አለ፣ እሳቱ መፍቻውን አላግልም አለ፣ መፍቻው ፊልትሮውን አላዞርም አለ፣ ፊልትሮው ከቤቴ አልወጣም አለ።

አህያዋ አልጠጣም አለች። የእሷን ነዳጅ በጀርባዬ ያመላለስኩት እኔ ነኝ፤ እሷ በሳሙና ትታጠባለች፣ የእኔን ቁስል ዝንብ ይወርረዋል። ደግሞስ አተላ እያለ ውሃ ማን ይጠጣል? አለችና አፍንጫዋን መልሳ ገንዳው ውስጥ ከተተች።

እንግዲህ የቀረችው ትርንጎ ናት። ፀሐይዋ ዘቅዝቃለች። ደሳለው እጁ ጥላሸት፣ ዓይኑ ጭስ ሆኖ ፊቷ ቆመ። ትርንጎ፣ አህያዋን አተላዋን ከልክያት አላት፤ አህያዋ ባሕሩን አልጠጣም አለች፣ ባሕሩ እሳቱን አላጠፋም አለ፣ እሳቱ መፍቻውን አላግልም አለ፣ መፍቻው ፊልትሮውን አላዞርም አለ፣ ፊልትሮው ከቤቴ አልወጣም አለ።

ትርንጎ ማጥለያዋን አስቀመጠች።

«አህያዋን የምቀጣት ለማን ብዬ ነው? ለጣውንቴ?» አለችው። «ጣውንትስ ቢሆን ተራ አለው። እሷ ከሙሽራው ጋር፣ እኔ ከጋኑ ጋር! በእንጨቷ ጀልባ ስንቀዝፍ አንደኛው መቅዘፊያ የማን ነበር? ያን ጊዜ ቅቤዬ አልሸተተህም። ቀንቻለሁ፣ አዎ፣ አልደብቅህም። በፕላስቲክ ቀንቻለሁ።»

ደሳለው አንገቱን ደፋ። እሺ፣ ወንበሩ ላይ ላስቲክ አነጥፍልሻለሁ አላት።

ላስቲክ! ወይ ደሳለው። ትርንጎ አንድ ቅል ሙሉ አተላ ጨምራ ለአህያዋ ደፋችላት። አህያዋ ጠገበች፣ ባሕሩ ይባስ ሸሸ፣ እሳቱ ይባስ ጨሰ፣ መፍቻው ይባስ ተንሸራተተ፣ ፊልትሮውም ይባስ ተጣበቀ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

ደሳለው ዞር ብሎ ነጯን ጀልባ አያት፤ ባሕሩ ዳር ትብለጨለጫለች። ከእሷ ትንሽ ራቅ ብላ አሮጌዋ የእንጨት ጀልባ ተገልብጣለች፣ ሁለቱ መቅዘፊያዎች ጎን ለጎን ተጋድመውባታል። የአንደኛው እጀታ በትርንጎ መዳፍ ልክ ጎድጉዷል። እሱን ሲያይ ወደ ትርንጎ ዞረ።

«ትርንጎ» አላት፣ «ነገ ከፊት፣ ከእኔ አጠገብ ትቀመጫለሽ። ቅቤሽን እንደተቀባሽ። ላስቲክም የለም።»

«ሚዜዎቹ ፊት?»

«ሚዜዎቹ ፊት።»

ትርንጎ ተነሳችና የአተላውን ገንዳ በሰፌድ ከደነችው። አህያዋ ደንግጣ፣ ኧረ እጠጣለሁ ብላ ወደ ባሕሩ ሮጠች። ባሕሩ፣ ኧረ አትጠጪኝ፣ አጠፋለሁ ብሎ ወደ እሳቱ መጣ። እሳቱ፣ ኧረ አታጥፋኝ፣ አግላለሁ ብሎ ወደ መፍቻው ተንቀለቀለ። መፍቻው፣ ኧረ አታግለኝ፣ አዞራለሁ ብሎ ፊልትሮውን ጥርቅም አድርጎ ያዘው። ፊልትሮውም፣ ኧረ አታዙረኝ፣ እወጣለሁ አለና በራሱ ጊዜ ተፈትቶ ደሳለው እጅ ላይ ዱብ አለ።

አሁን አዲሱ ይግባ። መጽሐፉ ደግሞ «የአዲሱ ፊልትሮ የጎማ ቀለበት ዘይት ሳይቀባ እንዳይገባ» ይላል። ደሳለው የአዲሱን ዘይት ክዳን ለመክፈት ሲታገል፣ ትርንጎ ጣቷን ወደ ፀጉሯ ሰደደች፣ ቅቤ ዛቀች፣ የጎማውን ቀለበት ዙሪያውን ቀባችውና ሰጠችው። ደሳለው ቅቤውን አየ፣ ትርንጎን አየ፣ ፊልትሮውን በእጁ አጥብቆ አሰረው። ዘይቱን ሞላ፣ ሞተሩን አስነሳ። ሞተሩ ትንሽ አጓራና እየተንተከተከ ረጋ፤ አንዲት ጠብታ ዘይት አላንጠባጠበም።

በማግስቱ ሙሽራውና ሚዜዎቹ ጫማቸውን አውልቀው ከኋላ ተሰደሩ። ትርንጎ ጫማዋን እንዳደረገች ከፊት ተቀመጠች፤ ጠላው በታንኳ ለብቻው ሄደ። ደሴቲቱ ላይ ሲደርሱ በነጩ ወንበር ላይ መዳፍ የሚያህል የቅቤ ምልክት ቀርቶ ነበር። ደሳለው አዲሱን ፎጣ አወጣ። ትርንጎ አየችው። ሚዜዎቹም አዩት። ደሳለው በፎጣው የራሱን ላብ ጠረገና መልሶ ኪሱ ከተተው።

በዚያ ሠርግ ላይ የመጡት ሴቶች በሙሽራዋ አልቀኑም። በትርንጎ ነው የቀኑት።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን የምታብሱበት ዳቦ ይቅርብኝ፣ ብቻ ፈቀቅ በሉና እንደ ትርንጎ ከፊት፣ ከእናንተ አጠገብ ልቀመጥ።