የልቅሶ ቋሚ በሰርግ ዳስ

በድሮ ዘመን፣ ተራራው ገና ጠጉሩን ሳይላጭ፣ ወይራ አፋፍ በምትባል መንደር ቢያድግልኝ የሚባል ዳስ ጣይ ነበር። ድሃ ነበር። ድሃ ማለት እንኳ ልክ አይደለም፤ ከምሳሩ በቀር የሚጠራበት ሀብት አልነበረውም ማለት ይሻላል።

በዚያች መንደር ክርስትና ሲሆን ዳስ ይጣላል። ሰው ሲሞት ዳስ ይጣላል። ሰርግ ሲደገስ ዳስ ይጣላል። ለየዳሱም የጥድ ቋሚ ከዱሩ በእርጥቡ ይቆረጣል፤ ነገሩ ሲያበቃ ይማገዳል። የአንዱ ድግስ ቋሚ ለሌላው አይቆምም፤ ኀዘንን ከደስታ ያነካካል ይባላል። ቆራጩ ቢያድግልኝ ነበርና ዱሩ ከዓመት ዓመት ሲሸሽ፣ ከሥሩ የሚፈልቀውም ምንጭ ሲቀጥን አየ። እጁን አየ። አፈረ።

ልጁ አንጓች ክርስትና ተነሥታ ድግሱ ሲያበቃ የዳሱን ቋሚዎች ነቀለ፤ አፈራቸውን ጠረገ፤ ከጎተራው ጀርባ አጋደማቸው። ጎረቤቱ አያ ሽበሺ ሳቀበት።

“በእነዚህ ዱሩን ልታተርፈው ነው? አንተ ብትተው እኛ እንቆርጠዋለን!”

ቢያድግልኝ እውነቱን ነው ብሎ አሰበ። ቋሚዎቹን ግን አልማገዳቸውም።

እናቱ ሞተች። የልጁን የክርስትና ቋሚዎች ለእናቱ ልቅሶ አቆመ። ለቀስተኛው ተንሾካሾከ፤ “እናቱን በአሮጌ እንጨት ሸኘ!” አለ። ቢያድግልኝ አለቀሰ፤ ለእናቱ አለቀሰ። አይ፣ ለሐሜቱም ጭምር ነበር። ቋሚዎቹን ግን አልማገዳቸውም።

አንጓች አደገች፤ ታጨች። የሰርጓ ዳስ ሲጣል አባቷ እነዚያኑ ቋሚዎች አወጣ።

“አባዬ፣ ሰርገኛው ቢመለስስ?” አለችው።

አባቷ ወደ መንገዱ አየ። ቋሚውን ግን ተከለ።

ሰርገኛው መጣ! ከበሮው ጎላ! ሚዜዎቹ አቧራውን አጨሱት! ከዳሱ በር ሲደርሱ ሽበሺ ወደ ሙሽራው አባት ወደ አያ መርሻ ጆሮ ጠጋ አለ። መርሻ እጁን አነሣ። ከበሮው ቀጥ አለ።

“አያ ቢያድግልኝ፣ ይህ የልቅሶ ቋሚ ነው?”

“ነው።”

“ልጄን በልቅሶ ቋሚ ሥር ልትድርልኝ? ጥድ ጠፋ? ተነሡ፣ እንመለስ!”

አንጓች ከጓዳ ሰማች። ቢያድግልኝ ወደ ቋሚው ተጠጋ። ስለ ዱሩ፣ ስለ ምንጩ ሊናገር ፈለገ፤ ተወው። ቋሚውን በመዳፉ ያዘ።

“እናቴ የልጅ ልጇን ሰርግ ለማየት እንደ ጓጓች ሞተች። እርሷ መቆም አልቻለችም፤ ይህ በእርሷ ፈንታ ቆሟል። እኔ ከነቀልኩት እናቴን ከሰርጉ ማስወጣቴ ነው። እንግዲህ አንተ ንቀለው!”

መርሻ ቋሚውን ጨበጠ። ነቀለው ሲባል ጎንበስ አለና ሳመው!

“እማማ፣ እንኳን ደስ አለዎት!”

እልልታው ቀለጠ! አንጓች እየሳቀችም እያለቀሰችም ወጣች። ሽበሺ እንኳ ጨፈረ፤ መጀመሪያ በእፍረት፣ ኋላ ግን ከልቡ።

ሰርጉ ሲያበቃ መርሻ ቋሚዎቹን ለአባቱ ተዝካር ተዋሰ። ከእርሱ ሽበሺ ለልጁ ክርስትና ተዋሰ። ከሽበሺም ሌላው ተቀበለ። እውነቱን ለመናገር፣ ዱሩ በአንድ ክረምት አልተመለሰም። መሸሹን ግን አቆመ፤ ምንጩም አልደረቀ።

ዛሬም በወይራ አፋፍ ዳስ ሲጣል ምሳር አይነሣም፤ ቋሚ ከቤት ቤት ይዞራል። ባለ ድግሱ ሲተክለው በመዳፉ መታ መታ ያደርግና በማን ልቅሶ፣ በማን ሰርግ እንደ ቆመ ስማቸውን ይጠራል። የተሰበሰበውም ሰው እንዲህ ብሎ ይመርቃል፦

“ቆመው ይዩልን!”