የዘወልድ ድንጋይ

በጉንደ ወይራ ሚካኤል ቅጽር ውስጥ፣ ከምሥራቁ በር ፊት ለፊት ካለው ጽድ ሥር፣ መሬት ላይ የተኛ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ። መካከሉ ተቦርቡሯል፤ ዝናብ ሲጥል ውኃ ያቁራል፣ ወፍም ይጠጣበታል። እንግዳ ሰው የጥንት ሙቀጫ እየመሰለው ምንነቱን ይጠይቃል፤ ያገሬው ሰው ደግሞ ይህንኑ ጥያቄ ሲጠብቅ የኖረ ነውና ከተጠየቀ በኋላ ቶሎ አይለቅም። ስሙ የዘወልድ ድንጋይ ነው። ኅዳር ሚካኤል ታቦቱ ወጥቶ ወረብ ሲወረብ፣ በድንጋዩ አጠገብ መቋሚያውን ይዞ የሚቆመው ሽማግሌ የደብሩ የቀድሞ አለቃ ነው። በሌላው አገር አለቃ የሚተካው አለቃ ሲሞት ነው፤ እዚህ ግን አለቃው በቁሙ ወንበሩን አስረክቦ ከረድፉ ጫፍ ይወርዳል፣ የአዲሱንም አለቃ ዜማ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ይቀበላል።

ሽማግሌዎች እንደሚሉት ደብሩ ድሮም እንደ ዛሬው የሁለት መንደር ነበረ፤ ከላይ የአፋፍ፣ ከታች የሸጥ። ደብተራዎቹ በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ሲቆሙ የአፋፍ ሰው በቀኝ፣ የሸጥ ሰው በግራ መሰለፉ ልማድ ሆኖ ቀረ፤ የቀኙ አዝማች ቀኝ ጌታ፣ የግራው ግራ ጌታ ይባላሉ። አንዱ ወገን ሲመራ ሌላው ይቀበላል፤ ካልተቀበለ ዜማው እዚያው ላይ ይቆማል።

በአንድ ዘመን አለቃው ድንገት ሲያርፉ አፋፎች የኛ ቀኝ ጌታ ካልተሾመ አሉ፤ ሸጦችም የኛ ግራ ጌታ ካልሆነ ብለው ገገሙ። አንዱ ሲመራ ሌላው ዝም ይል ጀመር። በመጨረሻ አፋፎች፣ ሸጦች እንዳይገቡ ብለው በቅጽሩ በር ላይ ጓጉንቸር ቆለፉ፤ ሸጦች በማግስቱ፣ አፋፎች እንዳይገቡ ብለው የራሳቸውን ጨመሩበት። እንዲህ ያለ ብልሃት ከኛ ሰው በቀር የሚመጣለት ያለ አይመስለኝም። ሁሉም የየራሱን ቁልፍ እንደ ያዘ ውጭ ቀረ፣ በደጀ ሰላሙም ሣር በቀለ።

በዚያ መካከል የአንድ የአፋፍ ደብተራ አባት ሞቱ። ደብተራው ዘወልድ የሚባል ወጣት ነበር። አፋፎችን በሩን ክፈቱልኝ ብሎ ቢለምን «መጀመሪያ እነሱ ይክፈቱ» አሉት፤ ወደ ሸጥ ወርዶ ቢለምንም የሰማው ያንኑ ነው። ስለዚህ የአባቱ አስከሬን ወንዝ ተሻግሮ በሰው ደብር ተቀበረ። ዘወልድ ከቀብሩ ሲመለስ ከተቆለፈው በር ፊት ተቀምጦ አለቀሰ፤ አፍሮም ነበር ይባላል።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ሁለቱም ወገን ሲሰለቸው ታረቀ፤ ዘመን አልፎም ይኸው ዘወልድ አለቃ ሆኑ። ሁለቱን መንደር አስተምረው፣ ድረው፣ ቀብረው አረጁ። ዐይናቸው ደከመ፣ ድምፃቸውም አለቀ። አንድ ቀን ብረት ቀጥቃጩ አያ ደምለው ወደ ቤታቸው መጣ።

«የኔታ፣ እንዳይቀየሙኝ» አለ። «ከአፋፍ አንድ ሰው ጓጉንቸር አዘዘኝ። ትናንት ደግሞ ከሸጥ አንዱ መጣና ያንኑ አዘዘኝ። እርስዎ በሕይወት እያሉ ለምን እንደሆነ ሳስበው ጨነቀኝ።»

አለቃ «ሁለቱንም ሠርተህ ለኔ አምጣልኝ፤ ላዘዙህ እኔ አስረክባቸዋለሁ» አሉት።

ያን ዓመት ለኅዳር ሚካኤል ወንበራቸውን በገዛ እጃቸው ሊያስረክቡ ቆረጡ። ሰው ሁሉ የሚሾመው ቀኝ ጌታው አድማሱ ነው ብሎ ነበር፤ አድማሱ የእኅታቸው ልጅ ነው፣ አሳድገውታል፣ ዜማ አስተምረውታል። እሳቸው ግን የመረጡት ይትባረክን፣ የሸጡን ግራ ጌታ ነበር። እኅታቸው ወይዘሮ ብርቅነሽ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች ይላሉ፤ ያ የሐዘን አለባበስ መሆኑን የማያውቅ የለም።

«ወንድም ጋሼ፣ ልጄ ምን አጠፋ?»

«ምንም አላጠፋም፤ እንዲያውም ከይትባረክ አያንስም። ግን ብርቄ፣ አድማሱን ብሾም የሸጥን አፍ ማን ይከፍትልኛል? ይትባረክን ከሾምሁ የአፋፍን አፍ እኔው እከፍተዋለሁ፤ ወገኔ ነው።»

«እምቢ ቢሉዎትስ?»

«እምቢ ካሉኝማ ዕድሜዬን ሁሉ ያስተማርሁት ከንቱ ነበር ማለት ነው። ሳልሞት ልወቀው።»

በዓሉ ደረሰ። ታቦቱ ወጥቶ ከምሥራቁ በር ፊት ሲቆም፣ አለቃ ዘወልድ ካባቸውን አውልቀው በሕዝብ ፊት ለይትባረክ ደረቡለት። ሸጥ እልል አለ፤ አፋፍ ጸጥ አለ። ይትባረክ ወረቡን አነሣ። ግራው ተከተለው፣ ቀኙ ግን አልተቀበለም። አድማሱ መቋሚያውን በብብቱ ይዞ መሬት መሬት ያያል፤ ከሱ በታች ያሉት ሁሉ እሱን ያያሉ። የከበሮ መቺው እጅ አየር ላይ ቀረ። ይትባረክ እንደገና አነሣ፤ አሁንም የሚቀበለው አጣ። ታቦቱን የተሸከሙት ቄስ ላብ በጉንጫቸው ይወርዳል፤ ወረቡ ሳያልቅ ታቦቱ አይገባም። ከሸጦች መካከል «ይኸው፣ ገና ካሁኑ» የሚል ማጉረምረም ተሰማ።

ያኔ አለቃ ዘወልድ ከመቀመጫቸው ተነሡ። መቋሚያቸውን እየተመረኮዙ በቀኙ ረድፍ ፊት ቁልቁል ሄዱ፤ ሰው አዝነው ወደ ቤታቸው የሚሄዱ መስሎት መንገድ ለቀቀ። እሳቸው ግን የሁለቱ ረድፍ ጫፍ ከሚገናኝበት፣ ከጽዱ ሥር ካለው ድንጋይ ሲደርሱ ዞሩ፤ ከጀማሪዎቹ ሁሉ በታች ቆሙ፣ ድንጋዩን በመቋሚያቸው መቱና ዜማውን ተቀበሉ። ብቻቸውን ነበሩ። ሸጦች ድምፃቸው እንደ ወጣትነታቸው ጠራ ይላሉ፤ አፋፎች ደግሞ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይል ነበር ይላሉ። እኔ አፋፎችን አምናለሁ፤ የገዛ ሰዋቸውን ድምፅ ለማሳነስ ምንም ምክንያት የላቸውም።

አድማሱ ዞር ብሎ መምህሩን ከረድፉ ጭራ ቆመው ሲያይ ወደ ታች ወርዶ እጃቸውን ያዘ።

«የኔታ፣ እዚህ አይቁሙ። ወደ ላይ ይምጡ።»

«እኔ ቦታዬን አግኝቻለሁ» አሉት። «አንተ ሂድና ወገንህን አስነሣ። ታቦቱ ቆሟል።»

አድማሱ ዕንባውን ሳይጠርግ ወደ ረድፉ ራስ ተመለሰ፣ መቋሚያውን አንሥቶ መሬቱን መታ። ቀኙ በሙሉ እንደ አንድ ሰው ተቀበለ። ከበሮው ወረደ፣ ጸናጽሉ ተንሿሿ፤ ግራው ሲመራ ቀኙ ሲቀበል፣ ቀኙ ሲመራ ግራው ሲቀበል፣ የቅጽሩ መሬት ይንቀጠቀጥ ነበር ይባላል። ከሴቶቹ መካከል መጀመሪያ እልል ያለችው ወይዘሮ ብርቅነሽ ናት፤ ነጠላዋን እንደ በዓል አዙራ ለብሳ፣ የሸጥ ሴቶች እስኪቀኑባት ድረስ እልል አለች። እንዲያ ያለ ደስታ በዚያ ደብር ከዚያ በፊት አልታየም።

ታቦቱ ከገባ በኋላ አለቃ ዘወልድ ሁለት አዳዲስ ጓጉንቸሮች ከጋቢያቸው ሥር አውጥተው ድንጋዩ ላይ አስቀመጡ። «ያዘዛችሁት ደርሷል» አሉ፤ «ባለቤቱ ይውሰድ።» ሁሉም አንገቱን ደፋ፤ የኔ ነው የሚል አልተገኘም። በማግስቱ አያ ደምለው ሁለቱን ባንድ ላይ አቅልጦ ለአለቃ መቋሚያ የብረት ጫማ ሠራላቸው።

እሳቸውም በዚያች መቋሚያ ድንጋዩን እየመቱ ከጽዱ ሥር ዓመታት ቆሙ። ሲያርፉ በሩ ክፍት ነበር፤ አልጋቸውን አፋፍና ሸጥ እየተቀባበለ ተሸክሞ ከደብራቸው ቀበራቸው። ይትባረክም ሲያረጅ ካባውን ለአድማሱ ደርቦ፣ ያችን የአለቃ ዘወልድን መቋሚያ ይዞ ከድንጋዩ በግራ በኩል ቆመ። ከዚያ ወዲህ አለቃ ሁሉ ተተኪውን የሚመርጠው ከማዶው ረድፍ ነው፤ የሸጥ ሰው ሲሾም መጀመሪያ እልል የሚሉት የአፋፍ ሴቶች ናቸው፣ የአፋፍ ሰው ሲሾም የሸጥ።

የጉንደ ወይራ ሚካኤል ቅጽር ዛሬም ማታ የሚታሰረው በገመድ ነው። ይህ ገርሞት ጓጉንቸር የላችሁም ወይ ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ከመጣ፣ ከጽዱ ሥር ወስደው ጣቱን ከድንጋዩ ጉድጓድ ያስገቡታል፤ ብረቱ ሲመታው ኖሮ ጉድጓዱ ጣት ይውጣል። «የኛ ጓጉንቸር ይኸን ሠራ» ይሉታል።