የጋሽ ዴታሞ መዝሙሮችና ፊቱ የተለወጠው ኮምፒዩተር

አንዲት ሴት ነበረች። የምትኖረው ሆሳዕና ነው። ከቤቷ መንገድ ዳር ባለችው ክፍል ውስጥ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር አስቀምጣ የሰው ማመልከቻ ትጽፋለች፣ የሠርግ መጥሪያ ትጽፋለች። ልቧ ያለው ግን አንድ ሥራ ላይ ነበር፤ የጋሽ ዴታሞ መዝሙሮች ላይ።

ጋሽ ዴታሞ የሰማንያ አራት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ዓይናቸው ከተወለዱ ጀምሮ አያይም። ሚስት የላቸውም፣ ልጅ የላቸውም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ መዝሙር ሲሠሩ ኖረው አንዱንም ወረቀት ላይ አላሰፈሩም። ሁለት መቶ ሁለት መዝሙር፣ ሁሉም በእሳቸው ራስ ውስጥ! ደረታቸው እየደከመ ሳላቸው ሲበዛ ይህች ሴት፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ይዘምሩ፣ እኔ ልጻፍ» አለቻቸው። በሳምንት ሁለት ቀን እየመጡ ከአጠገቧ ተቀመጡ። በአሥራ አንድ ወር አንድ መቶ ሰባ አንድ ደረሱ።

ሠላሳ አንድ ቀረ።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ኮምፒዩተሩ ደከመ። ፊደሉን ስትመታው ወዲያው አይወጣም፤ አንዴ ተንፍሳችሁ፣ ሁለቴ ተንፍሳችሁ ነው ብቅ የሚለው። ጋሽ ዴታሞ አንድ ስንኝ ይሉና ይጠይቃሉ።

«ጻፍሽ?»

«ይጠብቁኝ ጋሼ፣ ገና አልወጣም።»

«ጻፍሽ?»

«ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ሲጠብቁ፣ ሲጠብቁ፣ ቀጣዩ ስንኝ ይጠፋቸዋል። አንድ ቀን አንዱን መዝሙር ግማሽ ላይ ረሱት። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ከዚያ፣ «ትናንት ነበረኝ እኮ» አሉ።

እህቶቼ፣ ይህን ቃል ከሽማግሌ አፍ የሰማች ሴት እንዴት ብላ ትረጋጋለች? ማሽኑ በዘገየ ቁጥር መዝሙሩ እየሞተ ነው።

ብርቅነሽ የምትባል ጓደኛ ነበረቻት፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር የምታስተምር። መጥታ ነካካችውና፣ «አንቺ፣ ይሄ ማሽን ምንም አልሆነም። ፊቱ ነው የከበደው» አለቻት።

«ፊቱ ስትይ?»

«ይሄ የሚሠራው በሊኑክስ ነው አይደል? ሊኑክስ ማሽኑን የሚያንቀሳቅስ፣ በነጻ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው፤ የሚችል ሁሉ እየከፈተ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ፊቱ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ስትከፍቺው የምታዪው፣ ከታች ያለው መስመር፣ መስኮቶቹ፣ ሥዕሎቹ፣ ይሄ ሁሉ ዴስክቶፕ ይባላል። ልብሱ በይው። የአንቺው ወፍራም ካፖርት ለብሶ ሩጥ እየተባለ ነው። ቀለል ያለ ሸሚዝ እንጫንለት።»

«ውስጡስ?»

«ውስጡን ማን ነካው!»

«ቢበላሽስ?»

«አይበላሽም።»

«መብራት ቢጠፋስ?»

«ይመጣላ።»

«መዝሙሮቹ ቢጠፉስ?»

«ፍላሽ ላይ ገልብጪያቸው ብዬሽ አልነበር?»

«ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል!»

ብርቅነሽ ሳቀች። «አንቺ እኮ ሰማዩ ሳይጠቁር ጎርፍ ገባ ብለሽ ዕቃ የምታወጪ ሴት ነሽ።»

አትፍረዱባት። ከእኛ መካከል «እንዲህ ቢሆንስ» ሳትል የምትውል ማን ናት? እኔ አይደለሁም። ይህች ሴት ሦስት ወር ሙሉ እምቢ አለች። ሦስት ወር! ማሽኑን እንዳለ ይቆይ ብላ ጠበቀችው። በሦስት ወር ስንት መዝሙር ተጻፈ? ከአንድ መቶ ሰባ አንዱ አራት ብቻ። በሦስት ወር ስንት ተረሳ? እሱን እግዚአብሔር ያውቃል። ፍርሃት ጠባቂ ይመስለናል እንጂ ከጓዳ የሚወስደውን አይነግረንም።

በመጨረሻ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ «በቃ፣ የመጣው ይምጣ» አለች። ብርቅነሽ በሁለት ክፍለ ጊዜ መካከል ሮጣ መጣች። በስልኳ ኢንተርኔት ከፈተች፣ ጥቁር መስኮት አወጣች፣ አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈች። ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ይሮጥ ጀመር። ሴትየዋ የበሩን መቃን ይዛ ቆማለች።

«ያ የሚሮጠው ምንድን ነው?»

«ሸሚዙ እየመጣ ነው።»

«ቀይ ነገር አየሁ!»

«ቢጫ ነው።»

«ቢጫም ደግ አይደለም።»

አለቀ። ብርቅነሽ ወደ ይለፍ ቃሉ ገጽ መለሰችው። «እዪ፣ እዚህ ጥግ ላይ ትንሽ ምልክት አለች። ስትነኪያት ሁለት ስም ታወጣለች። ይሄ የድሮው ከባዱ ነው፣ ይሄ አዲሱ ቀላሉ። የድሮውን አላጠፋሁትም። በገባሽ ቁጥር የፈለግሽውን መርጠሽ ነው የምትገቢው።» አዲሱን መረጠችላትና ሰዓቷን አየች። «ውይ፣ ክፍል አለኝ! የይለፍ ቃልሽን ጽፈሽ ግቢ» ብላ ባጃጅ ላይ ዘላ ሄደች።

ሴትየዋ ብቻዋን ቀረች። ጻፈች። ገባች።

ድሮ ማሽኑ እስኪከፈት ድረስ ሰሃን የምታጥብ ሴት፣ አሁን ዓይኗን ሳትጨፍን ተከፈተላት! እልል ማለት ነበረባት አይደል? አላለችም። ምክንያቱም ፊት ለፊቷ ያለው ባዶ ነው። ሰማያዊ፣ ጭር ያለ ባዶ። እንደ ብዙዎቻችን ሁሉንም ነገር ስትከፍት በሚታያት ቦታ ላይ ነበር የምትደረድረው፤ መዝሙሮቹን በሙሉ። አሁን አንድም የለም።

«ወይኔ ጋሽ ዴታሞ! ወይኔ ጋሽ ዴታሞ!» ብላ ጮኸች። መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ደረቷን መታች።

እንግዲህ በእኛ ሰፈር ሴት ስትጮህ ምን ይሆናል? መጀመሪያ ጎረቤቷ እትዬ ሽታዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ደረሰች። «ጋሽ ዴታሞ? ጋሽ ዴታሞ ናቸው?» ስትላት ሴትየዋ እያለቀሰች ራሷን ነቀነቀች። ሌላ ማን ጠየቀ? ማንም። አንዷ፣ «ደረታቸው ነው፣ አውቄዋለሁ» አለች። አንዷ፣ «ሐኪም ቤት ነው ያረፉት» አለች። «ማን ነገረሽ?» ሲሏት፣ «ሲባል ሰማሁ።» የዕድሩ ጥሩምባ ነፊ አቶ ሎምባሞ ጥሩምባውን ይዞ ወጣ። ልጅ የላቸውም፣ እሷ ናት ልጃቸው ተባለና ድንኳኑ በእሷ በር ላይ ተተከለ። አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። ሁሉም በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ!

ጋሽ ዴታሞ ሁለት መንገድ አልፎ አጥራቸው ሥር ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ጥሩምባው እየቀረበ መጣ። ከጥሩምባው ቀጥሎ የራሳቸውን ስም ሰሙ።

«ሎምባሞ! ማን ሞተ ነው የምትለው?»

አቶ ሎምባሞ ቀና ሲል ሟቹ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ጥሩምባው ከእጁ ሊወድቅ ነበር። «ጋሼ... እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? ማን ነገረህ?»

«ተለቀሰ እኮ! ድንኳንም ተተክሏል።»

ጋሽ ዴታሞ ዱላቸውን ዳብሰው ያዙ። «ድንኳን ከተተከለማ ልሂድ። ለቅሶ መቅረት ነውር ነው። በል ክንዴን ያዘኝ።»

ድንኳኑ በር ላይ ሲደርሱ እትዬ ሽታዬ ከነተቀመጠችበት ወንበር ወደ ኋላ ተገለበጠች። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እንደምን ዋላችሁ ለቀስተኞች። እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አሉ።

ያ ድንኳን እንዴት እንደሳቀ! የሚያለቅስ አፍ ሲስቅ ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ወንዶቹ ሎምባሞን፣ «ከዛሬ ጀምሮ ትንሣኤንም አንተ ንፋ» እያሉ ይቀልዱበት ጀመር።

ሴትየዋ ግን አልሳቀችም። እሳቸውን ስታይ ለቅሶዋ እንደ አዲስ መጣ። ሽማግሌው ወደ ክፍሏ ገቡና እየዳበሱ ከአጠገቧ ተቀመጡ።

«ምን ጠፋ ልጄ?»

«መዝሙሮችዎ ጋሼ። በሙሉ። ቤቱ ባዶ ነው።»

«ፈልገሻል?»

በነጠላዋ ጫፍ እንባዋን ጠረገች።

«ልጄ፣ ፈልገሻል ወይ?»

«አልፈለግሁም» አለች። «ፊት ለፊት ሳጣቸው ጊዜ ነው የጮህኩት።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። «እኔ ዓይነ ስውር ነኝ። ከተወለድኩ ጀምሮ ምንም ነገር ፊት ለፊቴ ኖሮ አያውቅም። ዱላዬ ፊት ለፊቴ የለም፣ ጫማዬ ፊት ለፊቴ የለም። በየጠዋቱ ጠፋ ብዬ ብጮህ ኖሮ ይሄ ሎምባሞ ሳንባው ባለቀ ነበር። እጄን እሰዳለሁ፤ አገኘዋለሁ። እስቲ እጅሽን ስደጂ።»

ለብርቅነሽ ስልክ ተደወለ። ስፒከሩ ተከፈተ፤ ድንኳኑ ሁሉ በመስኮት አንገቱን አስገብቶ ያዳምጣል። «ምን ሆነሽ ነው? ይሄ ሁሉ ድምፅ የማነው?» አለች ብርቅነሽ። «በኋላ እነግርሻለሁ! መዝሙሮቹ የሉም!» «ኧረ አሉ! አዲሱ ዴስክቶፕ ፋይል ፊት ለፊት አያሳይም፣ እሱ ነው ልዩነቱ። ከታች ቤት የምትመስል ሥዕል አለች፣ ንኪያት። ዴስክቶፕ የሚል ፎልደር ታያለሽ፣ ክፈቺው።»

ነካች። ከፈተች።

ነበሩ። ከአንድ እስከ አንድ መቶ ሰባ አንድ፣ በተራቸው ተሰልፈው። አንድ ነቁጥ አልጎደለም። እሷ ስትጮህም እዚያው ነበሩ። ጥሩምባው ሲነፋም እዚያው ነበሩ። ድንኳኑ ሲተከል እዚያው ነበሩ።

የመጀመሪያውን ከፍታ አንድ ስንኝ አነበበች። ጋሽ ዴታሞ ሁለተኛውን ተቀበሏት። ሦስተኛውን ድንኳኑ ወሰደው።

ዘምረው ሲጨርሱ ሽማግሌው የዕድሩን ዳኛ አስጠሩ። «ይሄ ድንኳን በሕጋችሁ ስንት ቀን ነው የሚቆመው?»

«ሦስት ቀን ነው ጋሼ።»

«እንግዲያው አትንቀሉት። ሠላሳ አንድ ይቀረኛል።»

ሦስት ቀን ሙሉ በመስኮቷ አጠገብ ተቀምጠው ዘመሩ። «ጻፍሽ?» «ጽፌያለሁ!» «ጻፍሽ?» «ይቀጥሉ ጋሼ!» ፊደሉ ከእሳቸው ትንፋሽ ይቀድም ነበር። ሲረሱ ደግሞ ከድንኳኑ አንዷ አሮጊት በወጣትነቷ የዘመረችውን ታስታውስና ታነሳላቸዋለች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሁለት መቶ ሁለተኛው ተጻፈ።

እህቶቼ፣ ስቃችኋል። ስቁ፣ መሳቅ መልካም ነው። አሁን ግን ልጠይቃችሁ። ስንት ድንኳን ተክላችኋል?

ልጃችሁ ስልክ ሳያነሳ አንድ ሰዓት አለፈ። በዚያች አንድ ሰዓት በሐሳባችሁ ስንት ጊዜ ቀበራችሁት? ባላችሁ ሥራ ቀየረ፤ ኑሯችን አለቀ አላችሁ። የኖራችሁበትን ሰፈር ለቀቃችሁ፤ ወዳጅ የሚባል ከእንግዲህ የለኝም አላችሁ። ትናንት ስትጸልዩ ልባችሁ ይሞቅ ነበር፤ ዛሬ ቀዘቀዘ፤ እግዚአብሔር ተወኝ አላችሁ። ፈልጋችኋል? እውነት ፈልጋችኋል? ወይስ ፊት ለፊት ስታጡት ነው የጮሃችሁት?

በእርግጥ የጠፋባችሁ አላችሁ። በእውነተኛ ለቅሶ የተቀመጣችሁ ከመካከላችን አላችሁ፤ ለእናንተ ቀልድ አልናገርም፣ አብሬአችሁ አለቅሳለሁ። እንደ እኔ ላለችው ነው የምናገረው፤ ሰማዩ ሳይጠቁር ዕቃ ለምታወጣው፤ ልጇ «እማዬ፣ ደህና ነኝ» ብሎ እየሳቀ ድምፁን የምትመረምረው።

አንቺ ሆይ፣ ጌታ የሕይወትሽን ፊት ሲለውጥ የሰጠሽን ወስዶ አይደለም። ምናልባት ካፖርቱ ከብዶብሽ ስለነበር ነው። ምናልባት አንድ ስንኝ ለመጻፍ ሁለቴ መተንፈስ ስለበዛብሽ ነው። ቀለል ያለውን አልብሶሽ አዲሱን መዝሙር ሊያዘምርሽ ነው። አንቺ ግን ባዶ መሰለሽና መሬት ላይ ተቀመጥሽ።

ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ ልባችሁ «ጠፋ» የሚላችሁን አንድ ነገር በስሙ ጥሩት። አንድ ብቻ። ከመጮኻችሁ በፊት ተነሱና ፈልጉት። ደውሉ፣ በሩን አንኳኩ፣ ተንበርከኩና ጸልዩ። እጃችሁን ስደዱ። አሁን ግን ከጎናችሁ ወዳለችው እህት ዞር በሉና ጠይቋት፦ «እህቴ፣ ፈልገሻል?»

«ገና ነው» ካለቻችሁ ብቻዋን አትተዉአት። አብራችኋት ሂዱ።