ሳይነኩት የማይጀምር ትምህርት

ተረት ስላችሁ ተቀበሉኝ። ካልተቀበላችሁኝ እኔም አሁን እንደምነግራችሁ ቪዲዮ ነኝ፤ በራሴ አልጀምርም። ተቀበላችሁ? እንግዲያው ስሙ።

ሲስተር የሺመቤት የምትባል አንዲት አዋላጅ ነበረች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ተወልዶ የማያለቅስ ሕፃን እንዴት እንዲተነፍስ እንደሚደረግ የምታሳየዋን የኢንተርኔት የቪዲዮ ትምህርት ማየት። ትምህርቷ አጭር ናት፤ ሻይ ሳይቀዘቅዝ ታልቃለች። ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ ሳያለቅስ እጇ ላይ ቀርቶባታል። እናቱ ክፉ ቃል አልተናገረቻትም። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ ምጥ በተባለ ቁጥር ፍርሃት ይይዛታል።

የወረዳው አዋላጆች ሁሉ ለዚሁ ሥልጠና አዳራሽ ተጠሩ። ኮምፒውተሩ ተከፈተ፤ ምስሉ ግድግዳው ላይ በራ፤ ሁሉም ዝም አሉ። ቪዲዮውም ዝም አለ።

«ቪዲዮ ሆይ፣ እባክህ ጀምር» አለች የሺመቤት።

«ብራውዘሩ ካልፈቀደልኝ አልጀምርም» አለ ቪዲዮው።

ብራውዘር ማለት ኢንተርኔቱን የሚከፍተው ፕሮግራም ነው፤ የኢንተርኔቱ ዘበኛ በሉት። ማን ይጩህ፣ ማን ዝም ይበል፣ እሱ ነው የሚወስነው።

«ብራውዘር ሆይ፣ ፍቀድለት፤ ቪዲዮው አልጀምርም አለ።»

«የሰው ጣት ካልነካኝ አልፈቅድም» አለ ብራውዘሩ። «ማንም ሳይጠራው እየጮኸ ሰው የሚያስደነግጥ ቪዲዮ ስለበዛ ነው።»

ትምህርቱን ያዘጋጀው ኤርሚያስ ይህን ዘበኛ ያውቀዋል፤ ሲታገለው ከርሟል። መጀመሪያ ቪዲዮውን ድምፁን ዘግቶ በራሱ እንዲጀምር አደረገው። እውነትም ጀመረ፤ አስተማሪዋ ግድግዳው ላይ አፏን ስትከፍትና ስትዘጋ ታየች። ድምፁን ለመክፈት ደግሞ ምን ያስፈልጋል? ጣት። ስለዚህ ኤርሚያስ ብልሃት ፈጠረ፤ ከፊት ለፊት «ለመጀመር ይንኩ» የሚል ትልቅ አረንጓዴ ቁልፍ አስቀመጠ። አንዴ ከተነካ በኋላ ዘበኛው ለቀሪው አይጠይቅም። ቢሮው ውስጥ ሞክሮት ሠርቷል። ቢሮው ውስጥ ግን የክብር እንግዳ አልነበረም።

«ጣቴ ሆይ፣ ንካው፤ ብራውዘሩ አልፈቅድም አለ፤ ቪዲዮው አልጀምርም አለ» አለች የሺመቤት።

«አሠልጣኙ ሳይፈቅዱ አልነካም» አለ ጣቷ። ጨዋ ጣት ነው፤ በሰው ፊት አይደፍርም።

«አቶ ጥላዬ፣ ይፍቀዱልኝ» አለች አሠልጣኙን። «ጣቴ አልነካም አለ፤ ብራውዘሩ አልፈቅድም አለ፤ ቪዲዮው አልጀምርም አለ።»

«ኧረ ሲስተር፣ ምን ነካሽ? የመክፈቻ ንግግር ሳይደረግ ሥልጠና ይጀመራል እንዴ? የክብር እንግዳው ሳይመጡ አልፈቅድም።»

ለክብር እንግዳው ስልክ ተደወለ።

«ጌታዬ፣ ይምጡልን። አሠልጣኙ አልፈቅድም አሉ፤ ጣቴ አልነካም አለ፤ ብራውዘሩ አልፈቅድም አለ፤ ቪዲዮው አልጀምርም አለ።»

«መኪና ሳይመጣልኝ እንዴት ልምጣ? የክብር እንግዳ በእግሩ ሲመጣ አይተሽ ታውቂያለሽ?» አሉ። ቤታቸው ግን ከአዳራሹ ቢጠሩ የሚሰማበት ቅርብ ነው።

ለሾፌሩ ለይርዳው ተደወለ።

«ወንድሜ ይርዳው፣ መኪናውን አስነሳ። እንግዳው አልመጣም አሉ፤ አሠልጣኙ አልፈቅድም አሉ፤ ጣቴ አልነካም አለ፤ ብራውዘሩ አልፈቅድም አለ፤ ቪዲዮው አልጀምርም አለ።»

«ሲስተር፣ አንቺ ነሽ? እኔ እኮ አንቺን ስፈልግ ነው የዋልኩት» አለ ይርዳው። «አይናዲስን ምጥ ጀምሯታል። ሚስቴን ጥዬ ፈቅ አልልም።»

«ስልኩን ስጣት። አይናዲስ፣ አይዞሽ። ይርዳው መኪናውን አላስነሳም አለ፤ እንግዳው አልመጣም አሉ፤ አሠልጣኙ አልፈቅድም አሉ፤ ጣቴ አልነካም አለ፤ ብራውዘሩ አልፈቅድም አለ፤ ቪዲዮው አልጀምርም አለ።»

«የእርግዝና ክትትሌን ያደረገችልኝ አዋላጅ ሳትመጣ እሱን አልለቀውም» አለች አይናዲስ እያቃሰተች። «የት ናት ብል ሥልጠና ላይ ናት አሉኝ። ሲስተር፣ እዚያ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ቪዲዮው እስኪጀምር እየጠበቅሁ» አለች የሺመቤት። ይህን ስትናገር ራሷን ሰማችው፤ አፈረችም።

ተነሣች። መሄድ አለባት። ግን ይህኛውም ባያለቅስስ? አረንጓዴውን ቁልፍ አየችው።

«ሲስተር፣ ነውር ነው፣ እንግዳው ሳይመጡ!» አሉ አቶ ጥላዬ።

«ሲመጡ እንደ አዲስ ይከፍቱታል፣ አቶ ጥላዬ። ምጥ ግን የክብር እንግዳ አይጠብቅም።»

ጣቷ ነካ፤ ብራውዘሩ ፈቀደ፤ ቪዲዮው ጀመረ። አዳራሹ ሁሉ ትንፋሹን ይዞ እስከ መጨረሻው አየ፤ አቶ ጥላዬም ጭምር፣ ፊታቸውን ወደ መስኮት አዙረው፣ በዓይናቸው ጠርዝ። እንዳለቀም የሺመቤት የማዋለጃ ዕቃዋን አንሥታ ወደ ይርዳው ቤት ሮጠች።

ልጁ ተወለደ። አላለቀሰም።

አደራረቀችው። ጀርባውን አሸችው። አላለቀሰም። ያቺ የግድግዳዋ ሴትዮ ያለችውን ግን አልረሳችም። አንገቱን አቃናችው፤ የመተንፈሻውን ጭምብል አፍና አፍንጫው ላይ አድርጋ፣ ከረጢቱን ቀስ እያለች እየጨመቀች አየር ሰጠችው። እንደገና ሰጠችው።

ልጁ አለቀሰ። እናቱ «እልል በሉልኝ» አለች፤ ይርዳው መኪናውን አስነሳ፤ እንግዳው መጡ፤ አቶ ጥላዬ ፈቀዱ። እንግዳው ሰዓት ስለማክበር ረጅም ንግግር አደረጉ። ከዚያም ካሜራው እስኪዘጋጅ ጠብቀው፣ ጣታቸውን ዘርግተው፣ አረንጓዴውን ቁልፍ ነኩ።

ግድግዳው ላይ ጽሑፍ ወጣ፦ «እንኳን ደስ አለዎት፤ ይህን ትምህርት አጠናቀዋል።»

አዳራሹ አጨበጨበ።

«ይህን ያህል ፈጣን ነው እንዴ?» አሉ እንግዳው።

«እጅዎ ገር ሆኖ ነው እንጂ፣ እኛማ ስንት ጠበቅን» አሉ አቶ ጥላዬ።

የሺመቤት ይህን አልሰማችም። ይርዳው ቤት ተቀምጣ ነበር። ልጁ እንደገና አለቀሰ።

«ሲስተር፣ እባክሽ አባብዪልኝ» አለቻት አይናዲስ።

«ተዪው» አለች የሺመቤት። «ትንሽ ያልቅስ።»