የጠበሉ ጠራጊዎች

አንዲት ሴት ነበረች፤ አንጓች እንበላት። የአጥቢያዋን የጠበል ገንዳ ትጠርጋለች። ልጇ ከሞት አፋፍ እንዲመለስላት የተሳለችው ስለት ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጠረገች። ውሃው ከሥሩ ያለው ጠጠር እስኪቆጠር ድረስ ጥርት ያለ ነበር። ሰው ሲያመሰግናት አንገቷን ደፍታ፣ «የመጥረጊያዬ ሥራ ነው» ትላለች። በልቧ ግን ደስ ይላታል። ማን ደስ አይለው?

አንድ ዓመት ለንግሡ ብዙ እንግዳ ይመጣል ተባለ። የበዓሉ አስተናባሪዎች በገንዳው ጠርዝ የተደረደሩትን እንቁራሪቶች አዩና፣ «በሰው ፊት ሊያዋርዱን ነው፤ አጥፊልን» አሏት። እሷም በረኪና ደፋች። ዙሪያውን ያለውን ሣር ሙልጭ አድርጋ አጨደች። በማግስቱ ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው የተንሳፈፉትን ለቅማ ጣለች፤ ውሃውንም ለወጠች። ንግሡ አማረ። አንጓችም ተመሰገነች።

ከዚያስ?

ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ሲወጣ ገንዳው አረንጓዴ ለበሰ። ትፈገፍገዋለች፤ በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ይመጣል። ትፈገፍገዋለች፤ ይመጣል። የትንኝ ትሎች ይርመሰመሱበት ጀመር። እጇ ተላጠ። ሰዉ እያየ ይመለስ ጀመር። አስተናባሪዎቹም፣ «ደክመሻል፤ ሥራውን ለሌላ እንስጠው» አሏት። ስለቷን ሊነጥቋት ነው! ስለቱን የተነጠቀ ሰው በምን ፊቱ ይጸልያል?

አንድ ቀን ለመጥረጊያ የሚሆን ሣር ልታጭድ ከጠበሉ በታች ወዳለው ረግረግ ወረደች። ውሃው ውስጥ አንድ ድንጋይ አየች። ግማሹ አረንጓዴ ነው፤ ግማሹ ንጹሕ። ጭራ ያላቸው ጥቃቅን የእንቁራሪት ልጆች ድንጋዩ ላይ ተለጥፈው ይግጣሉ። ያለፉበት ሁሉ ይነጻል። ቁጢጥ ብላ ብዙ ቆየች። አሥራ አንድ ዓመት የተመሰገነችው በማን ሥራ ኖሯል?

ቀና ስትል አዲስ የተቆፈሩ ጉድጓዶች አየች። ባለ መሬቱ ጋሽ ደምለው ረግረጉን ለማድረቅ ባሕር ዛፍ ሊተክሉ ነው። እየሮጠች ሄደች።

«ጋሼ፣ ረግረጉን አያድርቁብኝ።»

«ለምን ብዬ?»

«ለእንቁራሪቶቹ።»

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «አንቺ አንጓች፣ ግብፅን የቀጣ እንስሳ ከደጄ ላኑርልሽ?»

«እነሱ ሲያልቁ ግብፅ ላይ ምን መጣ ጋሼ?»

ጋሽ ደምለው ሳቃቸውን ዋጡ። «ትንኝ» አሉ ቀስ ብለው።

«እኔም ዘንድ የመጣው እሱ ነው።»

ጉድጓዶቹን አዩ። የተላጠ እጇን አዩ። «በይ እሺ፣ ዳገቱ ላይ እተክለዋለሁ። እንቅልፍ ቢነሱኝ ግን አንቺን ነው የምከስሰው!»

አስተናባሪዎቹን አንድ ክረምት ብቻ ታገሡኝ ብላ ለመነች። አንዲትም እንቁራሪት ተሸክማ አላመጣችም። በረኪናውን ተወች፤ ከረግረጉ እስከ ገንዳው ያለውን ሣር ሳታጭድ ተወች። ግንቦት ዘነበ፤ ምንም የለም። ሰኔ ገባ፤ ምንም የለም። ሐምሌ ላይ፣ አንድ ጠዋት፣ አንዲት እንቁራሪት በገንዳው ጠርዝ ተቀምጣ አገኘቻት። መስከረም ሲጠባ ጠጠሩ ይቆጠር ነበር።

«ምን አድርገሽ ነው?» ሲሏት፣ «መንገድ ተውኩላቸው» አለች።

ወገኖቼ፣ እናንተስ? ከቤታችሁ በታች ለማድረቅ ያሰባችሁት ረግረግ የለም? የፀረ ተባይ መርጫችሁን የምታጥቡት የት ነው? እንቁራሪት ውሃ የምትጠጣው በቆዳዋ ነው። ወንዝ ውስጥ የደፋችሁትን ከልጆቻችሁ ቀድማ የምትቀምሰው እሷ ናት። ብዙ አልጠየቃችሁም። ያን ጥቂት ሣር ተዉላት፤ ያን መርዝ ከውሃው አርቁላት።

ነገ ጠዋት ውሃ ልትቀዱ ስትወርዱ፣ ከእግራችሁ ሥር ዘላ ታስደነግጣችሁ ይሆናል። አትርገሟት። ቆም በሉና አሳልፏት። እሷም ወደ አገልግሎቷ እየሄደች ነው።